አምስት ቀዳዳ

አጎቴ ጌዴዎን እንደሚለው፣ አባቴ አንድ የአየር ጠብመንጃ ለመምረጥ አምስት ሳምንት የፈጀበት ፈሪ ስለሆነ ነው። እናቴ ጸጋ ደግሞ፣ አምስት ሳምንት የፈጀበት ከሁላችንም ደፋሩ እሱ ስለነበረ ነው ትላለች። ሁለቱም ይህን የሚሉት በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አባቴ እየሰማ ነው። አባቴ አንዱንም አይደግፍም። "ሶ፣ ሰላጣ የምትጨምሩ አላችሁ?" ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ፍርዴም ከአጎቴ ጋር ነበር። ዛሬ ሃያ አራት ሞልቶኛል። ሁለቱንም ወገን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ የራሴንም ጥፋት አውቃለሁ። እንደዚያን ጊዜው አስተሳሰቤ ልናገርና፣ የተሳሳትኩበት ቦታ ስደርስ አርመዋለሁ።

አያቴ አቶ ዱሬሳ ከነቀምቴ ሲያትል የመጡት አባቴና አጎቴ ወረቀት አስጨርሰውላቸው ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በመጡ በዓመቱ ዐይናቸው ደከመ። እናቴ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሷ ነበረች። ሐኪሙ አይቶ፣ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ሞራ እንደሸፈናቸው፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚገፈፍ፣ ከባድም እንዳልሆነ ነገራቸው። አያቴ ሁሉን ሰምተው፣

"እግዚአብሔር የሠራው ላይ ምላጭ አላስነካም" አሉ።

ከዚያ አንድ የጥር እሑድ ቤተክርስቲያን ለሕሙማን ጸሎት ተደረገ። አያቴ ወደ ፊት ወጡ። ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑባቸው። ለሳምንታት ፀሐይ አላየንም ነበር፤ ያን ቀን በትልቁ መስኮት ድንገት ገባችና ወለሉን ሁሉ ወርቅ አደረገችው። አያቴ ዐይናቸውን ገለጡ።

"ሸሚዙን አያለሁ!" ብለው ጮኹ። "የፓስተሩን ነጭ ሸሚዝ አያለሁ!"

የዚያን ቀን ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አጎቴ ጌዴዎን ወንበር ዘሎ ሄዶ አቀፋቸው። እሜቴ ተናኘ የሚባሉ ባልቴት ነጠላቸውን አንጥፈው ተንበረከኩ። እኔም ወንበር ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። በሚቀጥለው እሑድ አያቴ ማይክ ይዘው ለጉባኤው ሁሉ ምስክርነት ሰጡ፤ "ዕውር ነበርኩ፣ አሁን አያለሁ" አሉ። እልልታው ቀለጠ።

አባቴ ግን አላጨበጨበም። እጁን አጣጥፎ መሬት መሬት እያየ ቆሞ ነበር። ይህን ያየሁ እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን እከታተለው ጀመር።

አያቴ እንደዳኑ ምልክቱ ብዙ ነበር። በየበሩ ሲያልፉ ጉበኑን በእጃቸው ይዳብሱ ነበር፤ ቤታችንን የሚባርኩ ነበር የመሰለኝ። ሰው ሲገባ "እስቲ አንድ ቃል ተናገር፣ ድምፅህ ናፍቆኛል" ይላሉ፤ ከእሳቸው የበለጠ ሰው ወዳድ አልነበረም። ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን እኔ ጭን ላይ ያስቀምጡና "በል አንተ አንብብ፣ እኔ ላዳምጥ" ይሉኛል። አማርኛ እንዳይጠፋብኝ የሚያስጠኑኝ መስሎኝ እኮራ ነበር። አማርኛዬ በእርግጥም ያደገው ያኔ ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም።

አባቴ እነዚያኑ ነገሮች እያየ ሌላ ነገር ያነብ ነበር። ያ ሁሉ ብርሃን የቆየው ለአንድ ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ ጭጋጉ ተመለሰ። አያቴ ይህን ለማንም አልተናገሩም። እንዴት ይናገሩ? ጉባኤ ፊት የተሰጠ ምስክርነት እንደ መሐላ ነው። "አላይም" ቢሉ ጸሎቱን የሐሰት ማድረግ፣ የተንበረከኩትን ማሳፈር ሆነባቸው። ሐኪም ዘንድ መሄድም ያው ነው፤ የዳነ ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል? ስለዚህ በገዛ ምስክርነታቸው ውስጥ ተቆልፈው፣ ጉበን እየዳበሱ ይኖሩ ነበር። ይህን ያወቁት አባቴና እናቴ ብቻ ነበሩ።

ዶሮዎቹ ደግሞ እዚህ ላይ መጡ።

አጎቴ ጌዴዎን ከኦበርን ወዲያ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ፣ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤት ገዝቶ ነበር። ከጓሮው የዶሮ ቤት ሠራ፤ አያቴ ሃያ ሁለት ዶሮ አስገቡበት። ሥራ በሌለበት አገር ሥራ አገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሲወስደን መኪናው ገና ፓርክ ሳያደርግ በሩን ይከፍቱ ነበር። ዶሮዎቹን በድምፃቸው ያውቋቸዋል። "ያቺ ነጯ ዛሬ ከፍቷታል" ይላሉ፤ እውነትም ነጯ ጥግ ይዛ ትገኛለች።

በመጋቢት አይጠ መጎጥ ገባ። መጀመሪያ እንቁላል፣ ቀጥሎ ጫጩት መብላት ጀመረ። አባቴ መኖውን ክዳን ያለው ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ አስገባ፤ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ደፈነ። ቀነሱ እንጂ አልጠፉም። ወጥመድ ተጠመደ፤ የአንዲት ጫጩት እግር ተሰበረ። መርዝ እንዳይደረግ ዶሮዎቹም ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤት ድመትም አሉ። አንድ ቅዳሜ አያቴ ስድስት የሞቱ ጫጩቶች በእጃቸው እየዳበሱ ካነሱ በኋላ፣ የአጎቴ ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡና፣

"ጠብመንጃ ግዙልኝ" አሉ። "በወጣትነቴ በቆሎ ማሳ ስጠብቅ ጦጣ ከዛፍ አወርድ ነበር። አይጥ ምን አላት?"

"ይኸው ነው!" አለ አጎቴ ጠረጴዛውን መትቶ። "አባባ እንደ ድሮው ይተኩሱ! ዐይናቸው እንደሆነ በርቷል። ሀይለየሱስ፣ ሰኞ ሄደን እናምጣላቸው።"

አባቴ ሻዩን አማሰለ። "ልየው" አለ።

"ምኑን ነው የምታየው?"

"መሣሪያውን። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዝም ብሎ አይገዛም።"

አባቴ ቤልቪው አንድ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር የሚፈትሽ ሰው ነው። ሥራው ሌሎች ሠርተናል ያሉትን ነገር የት ጋ እንደሚበላሽ መፈለግ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት የአያቴን ፊት ነበር፤ ያ ደስታ "ልየው" በሚለው ቃል ከሰመ። አባቴን ጠላሁት ማለት ይከብዳል፤ ትንሽ ጠላሁት።

በሁለተኛው ሳምንት አራታችንም፣ አያቴ፣ አባቴ፣ አጎቴና እኔ፣ የአደን ዕቃ የሚሸጥ መደብር ሄድን። ግድግዳው ሙሉ መሣሪያ ነበር። አጎቴ በቀጥታ ትልቁ ጋ ሄደ።

"ይሄ! ይሄ ፈረስ ይጥላል።"

"ፈረስ መጣብህ እንዴ?" አለው አባቴ።

ሻጩ ጢሙ የሸበተ አሜሪካዊ ነበር። የአባቴን ጥያቄ ከሰማ በኋላ መልሶ ጠየቀው፤ አባቴ ጥያቄውን ለአያቴ በአማርኛ ተረጎመላቸው፦

"ከአይጡ ኋላ ምን አለ ይላል።"

"ከአይጥ ኋላ አይጥ ነው ያለው" አሉ አያቴ። አጎቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ ግን ያቺን ጥያቄ ወደዳት። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የዶሮ ቤቱን ሳለ፤ ስስ የሳንቃ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጀርባ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቷ ግቢና የልጆቿ ዥዋዥዌ። ሻጩ በጣቱ እያሳየ ሲያስረዳ ቆየ። ጉልበቱ የበዛ መሣሪያ አይጡንም ሳንቃውንም አልፎ ይሄዳል። ጉልበቱ ያነሰ ደግሞ አይጡን ሳይገድል አቁስሎ ይሰደዋል፤ ያም ጭካኔ ነው። የሚፈለገው በአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት አይጥ በአንድ ምት የሚገድል፣ ከዚያ ግን ጉልበቱ የሚያልቅ ነው።

ሁለት ዓይነት አወረደላቸው። አንዱ አፈሙዙ ወደ ታች ታጥፎ በስፕሪንግ የሚወጠር ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ግን ሲተኮስ ይዘላል፤ ያልለመደ ሰው ኢላማ ይስታል። ሌላው በፓምፕ የታመቀ አየር የሚይዝ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ዶሮ አያስደነብርም፣ በእጅም ላይ አይዘልም፣ ጉልበቱም በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። ጥይቱም ቢሆን ቀጭን ፈጣን አለ፣ ወፈር ያለ ቀስ ብሎ የሚሄድ አለ።

"ወፍራሙ ይሻላል" አለ አባቴ። "እንጨት ሲነካ ይጠፈጠፋል እንጂ አይነጥርም ይላል ሰውየው።"

አያቴ የታመቀ አየር የሚይዘውን ጠብመንጃ ተቀብለው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እጃቸው የሚያውቀው ነገር ነበር፤ አቋቋማቸው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መለሳቸው። በልባቸውም የሆነ ነገር እንደተነሳ ታየኝ። "ይሄ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ይሆነኛል።"

"ኦኬ፣ እንውሰደው!" አለ አጎቴ።

"ገና ነው" አለ አባቴ።

በመኪና ስንመለስ አጎቴና አባቴ ፊት ተቀምጠው ነበር። አያቴ ከኋላ ከእኔ ጋር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልጅ የሚያዳምጠው ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

"ችግርህን አውቄዋለሁ። አታምንም። አንተ አታምንም፣ ሀይለየሱስ። አባባ ፊትህ ድነው እያየህ እንደ ቶማስ ጣቴን ካላስገባሁ ትላለህ።"

አባቴ ዐይኑን ከመንገዱ አላነሳም። "እኔ የማምነውን አንተ አታውቅም" አለ።

"ሶ ለምን አትገዛላቸውም?"

"ዥዋዥዌውን አይተኸዋል?"

አጎቴ ተናዶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ። በሰንበት ትምህርት፣ ጌታ በአንድ ከተማ ብዙ ተአምር ያላደረገው ሰዎቹ ስላላመኑ ነው ብለው አስተምረውናል። እንግዲያው አባቴ እኛ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የአያቴን ተአምር እያበላሸው ነበር። በዚያ ሰሞን እራት ላይ ስንጸልይ ዐይኔን ገልጬ አየው ጀመር። ለብቻዬም "ዳዲን እንዲያምን አድርገው" ብዬ እጸልይ ነበር።

በቅርቡ አባቴን ስለነዚያ ሳምንታት ጠየቅሁት። ከቤልቪው ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ኮል አድርጎልኝ ነበር። "ጠብመንጃውን የመረጥኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው" አለኝ። "የቀሩትን ሦስት ሳምንታት የፈጀሁት አባባን ሳላዋርድ መሣሪያውን ከእጃቸው የማወጣበትን መንገድ ስፈልግ ነው። እምቢ ብላቸው ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ምክንያቱን ብናገር ያንን ምስክርነት ልጃቸው አፈረሰው ማለት ነው። ብሰጣቸው ደግሞ ሰው ይሞታል።"

ያገኘው መንገድ ደንብ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ጠብመንጃውን ይዞ መጣ፤ ከሱ ጋር አንድ ወረቀት መጣ፤ የአጎቴ ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፈው። እኔ ጮክ ብዬ እንዳነብ ታዘዝኩ። ጠብመንጃው ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ጣት ቃታ ላይ የሚያርፈው ኢላማው ከታየ በኋላ ብቻ ነው። የሚተኮሰው መቆሚያ ሳጥን ላይ ወጥቶ ወደ ታች፣ ወደ አፈር ነው። የመጨረሻው ደግሞ፦ በአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት፣ የብርጭቆ አፍ በሚያህል ክብ ውስጥ አምስት ጥይት አከታትሎ ያላስገባ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዶሮ ቤት ውስጥ አይተኩስም።

"ማንም ይሁን ማን" አሉ አያቴ ደግመው።

"እኔም ራሴ፣ አባባ" አለ አባቴ። "ጌዴዎንም፣ ጸጋም። ካላስገባን አንተኩስም።"

"ጸጋ?" አለ አጎቴ። "ጸጋ ደግሞ ምን ታደርጋለች?"

"ክኒን ስቆጥር የምውለው በዚህ ዐይኔ ነው" አለችው እናቴ። "አንተ መንገድ እንኳ ስትስት ነው የምትውለው።"

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት። አባቴ ከጓሮው ጥግ፣ ከአፈር ክምሩ ፊት ለፊት፣ አሸዋ የተሞላ ሣጥን አቁሞ ወረቀት ሰካበት። የዶሮዎቹ በር ተዘጋ። ጎረቤቷም ተነግሯት ልጆቿን ይዛ ወጥታለች። ሁላችንም የዐይን መከላከያ መነጽር አደረግን። አያቴ በዚያ ትልቅ መነጽር ውስጥ ሆነው፣

"አሁን በእውነት ፈረንጅ ሆንኩ" አሉ፤ ሳቅን።

አጎቴ ቀድሞ ተኮሰ፤ ሁለት አስገባ። ንፋሱን ሰበብ አደረገ። ቅጠል አይወዛወዝም ነበር። አባቴ ሦስት አስገባ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ መቆሚያው ሳጥን ላይ ወጣች፤ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች አምስቱንም አስገባች። ጥይቱ ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወረቀቱን እንደ ቢሮ መብሻ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ አምስት ንጹሕ ክብ።

"ሚስትህን ተጠንቀቅ" አለ አጎቴ ወደ አባቴ እያየ።

ከዚያ ተራው የአያቴ ሆነ። አባቴ ከኋላቸው ቆሞ በአንድ እጁ ክርናቸውን ደገፈ። እኔ የደገፋቸው ስለማያምን ነው ብዬ አሰብኩ። እጁ አፈሙዙን ወደ አፈሩ ክምር መልሶ መልሶ ያቀና እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ጥይት ድምፅ አልሰጠም፤ አፈር ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው የአሸዋውን ሣጥን ጠርዝ መትቶ ቃ አለ። አያቴ ድምፁን ሰምተው፣ "ነካሁ?" አሉ።

"ሣጥኑን ነክተዋል፣ አባባ" አለ አባቴ።

አራት። አምስት። አባቴ ጠብመንጃውን ተቀበለ፣ ከፈተ፣ ተመለከተ፤ "ባዶ ነው!" አለ። እናቴም አይታ "ባዶ ነው!" አለች። ጠብመንጃው መሬት ላይ ተቀመጠ። ወረቀት የማመጣው እኔ ነበርኩ።

ሮጬ ደረስኩ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም። ክቡ ባዶ፣ ዳሩ ባዶ፣ ነጭ እንደ ፓስተሩ ሸሚዝ። ዘወር ብዬ አየሁ። አያቴ መቆሚያው ሳጥን ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደኔ አቅንተዋል፤ እየጠበቁ። ከኋላቸው አባቴ።

ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ በስምንት ዓመት ልጅ ልክ። አያቴ ያያሉ። ያያሉ ተብሏል፤ እሳቸው ተናግረዋል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ጥይቱን ያሳታቸው ከኋላቸው የቆመው እምነት የጎደለው ሰው ነው። ይህ ወረቀት ባዶውን ከሄደ ደግሞ እግዚአብሔር ይዋረዳል። ኪሴ ውስጥ የትምህርት ቤት እስክሪብቶ ነበረኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ክቡን አምስት ጊዜ ወጋሁት። እግዚአብሔርን ረዳሁት።

ወረቀቱን ከፍ አድርጌ "ፋይቭ! ኦል ፋይቭ!" እያልኩ ተመለስኩ።

"ሃሌሉያ!" አለ አጎቴ፤ ሣጥኑ ቃ ማለቱን ረስቶ ዘለለ። "አላልኩም? ሀይለየሱስ፣ አላልኩህም?" አያቴን አቅፎ ሳጥኑ ላይ አወዛወዛቸው።

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለኝ። አራቱ በየማዕዘኑ፣ አንዱ ከመሀል፣ ልክ በሉዶ ዳይስ ላይ እንዳሉት አምስት ነጥቦች። በአንዱ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም ነበር። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። በዚያች ቅጽበት ከአፉ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ ዛሬም አስበዋለሁ። "ልጁ ነው የወጋው" ቢል ያበቃ ነበር፤ የአያቴ ክብርም፣ የእኔም። ዝም ቢል ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ አያቴ ዶሮ ቤት ውስጥ ቃታ ይስቡ ነበር፤ የጎረቤቷም ልጆች ዥዋዥዌው ላይ ይሆናሉ።

አባቴ ወደ አያቴ ሄደና ወረቀቱን እጃቸው ላይ አኖረ።

"አባባ" አለ፣ "እርስዎ ይዩት። እርስዎ ያሉትን ሁላችንም እንቀበላለን።"

አያቴ ከሳጥኑ ወርደው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አላስጠጉትም። አመልካች ጣታቸውን በላዩ ላይ በዝግታ ነዱት። የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ቆሙ። ሁለተኛው ላይ። ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባውን ዳበሱ፤ እስክሪብቶ የወጋው ወረቀት ከጀርባ ተቀድዶ ከንፈር ያወጣል።

"የጸጋን ስጡኝ" አሉ።

እናቴ ሰጠቻቸው። የሷን አምስት ክብ ከፊትም ከጀርባም ዳበሱት። ለስላሳ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች በየጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አጎቴ "ምንድን ነው? ምን ሆነ?" አለ።

"መልከጸዴቅ፣ ና እዚህ" አሉኝ። ሙሉ ስሜን የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሄድኩ። እጄን ፈልገው ያዙት፤ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም ማየት አይችሉም ነበር፤ ግን አያስፈልጋቸውም ነበር።

"ለምን ወጋኸው?"

"አይ ዎንትድ ቱ..." ብዬ ጀመርኩ፤ ማልቀስ ቀደመኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ "ዳዲ ስለማያምን ነው" አልኩ። "እርስዎ ያያሉ። እሱ ስለማያምን ነው የሳቱት።"

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ያ ቃል የማን እንደሆነ ያውቃል።

አያቴ ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። "ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "አባትህ አራት ወር ሙሉ ሻዬን ጽዋው ጠርዝ ድረስ አይሞላውም። ለምን ይመስልሃል? እንዳላፈሰው ነው። ጫማዬን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያስቀምጥልኛል። አንድ ቀን እንኳ 'አባባ አያዩም' አላለኝም። እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው የማያምን ነው ትለዋለህ?"

አባቴ ፊቱን ወደ አፈሩ ክምር አዙሮ ቆሞ ነበር። ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"ያን እሑድ ዋሽቼ አልነበረም" አሉ አያቴ፣ አሁን ለሁሉም። "ሸሚዙን አይቻለሁ። ለሳምንት ያህል ደህና ነበርኩ፤ ከዚያ መልሶ ጨለመ። እግዚአብሔር ለምን ሳምንት ብቻ እንደሰጠኝ አላውቅም። እኔ ግን የሳምንቱን የዘላለም አድርጌ ተናገርኩ፤ ሰው እልል ሲልልኝ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዛሬ ይህን ልጅ ሐሰት አሠራው።"

"አባባ" አለ አጎቴ ጌዴዎን። ድምፁ እንዲያ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም። "የኔ ጥፋት ነው። እኔ ነኝ የገፋፋሁዎት። ግን... አሁን ብንናገር ሰው ምን ይላል? እሜቴ ተናኘ ምን ይላሉ? ዝም ብለን ሐኪሙ ጋ ብንሄድስ? ማንም ሳያውቅ..."

"ማንም ሳያውቅ ስኖር ነው እዚህ የደረስኩት።"

ይህን ታሪክ እየጻፍኩ እንደሆነ ሰሞኑን ስነግራቸው አያቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ አጎትህን ክፉ አታድርገው፣ እሱም የሚወደኝን ያህል ነው የጮኸው አሉ። እውነት ነው። ያን ቀን አጎቴ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ፤ ጩኸቱ ሁሉ ሲወልቅለት አባቱ ብርሃን እንዲያገኝ የጓጓ ልጅ ብቻ ነበር።

አያቴ የእኔን ወረቀት አጣጥፈው ለአባቴ ዘረጉለት። የእናቴን ደግሞ ለራሷ መለሱላት። ከዚያ አባቴ ክርናቸውን እስኪይዝ ሳይጠብቁ፣ ሳጥኑን ተደግፈው በራሳቸው ቆሙ። ዶሮዎቹ ከተዘጋው በር ኋላ ይንጫጩ ነበር።

"ስሙኝ" አሉ። "ጠብመንጃውን ጸጋ ትያዝ፤ ዶሮዎቼን እሷ ትጠብቅልኝ። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ፤ ሁለቱንም ዐይኖቼን እገፈፋለሁ። ነገ እሑድ ግን ጉባኤው ፊት ቆሜ እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ ከእናንተ ማንም እንዳይቀድመኝ።"